ለእሷ ሲባል የተመሰገነ ፊልም

ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው ላውንደሪው ሲደርስ ነጎድ የአንድ ቦርጫም ደንበኛ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቁማ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከዚያ አፍራ መልሳ አነሳችው። ለአንዲት ገጽ ወረቀት ልብ እንዲህ ይደልቃል ብሎ ማን ያምናል?

ነጎድ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። «ነጎድጓድ» የሚባለው ባለ ብዙ ክፍል ፊልም አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሱ እያወራች ጆሮ ስለምታደነቁር ባልደረቦቿ ናቸው ቆርጠው የሰጧት። አለቃቸውም እትዬ ስታርች ይባላሉ፤ ሲቆጡ ፊታቸው ስታርች እንደተቀባ ኮሌታ ቀጥ ስለሚል። እሳቸው ፊት ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠራቸውም።

ፊልሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንድ እጇን በጦርነት ያጣች የከተማ ዘብ በየክፍሉ አዲስ ጠላት ይመጣባታል፤ በየክፍሉም በቀረቻት እጅ ትመክታለች። ልጆች እሷን መስለው አንድ እጅጌያቸውን ቋጥረው ይሮጣሉ። ነጎድም በልጅነቷ ቋጥራለች፤ የእሷ ግን ጨዋታ አልነበረም። ትንሽ ሳለች የፈላ ውኃ ግራ እጇ ላይ ተገልብጦ ሁለት ጣቶቿ አንድ ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። እጇን ከኪሷ አላወጣም ብላ፣ በኪሷ ይዛ እየበላች፣ በኪሷ ይዛ እየተጫወተች ስታስቸግር ታላቅ ወንድሟ ትከሻው ላይ አውጥቶ ሲኒማ ቤት ወሰዳት። የመጀመሪያው ክፍል ነበር። ሲወጡ የወንድሟን ፀጉር በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

እንግዲህ ስለዚህ ፊልም ክፉ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ጠላት እንደሚሆንባት መገመት ቀላል ነው። ሐያሲው ደግሞ ክፉ ለመጻፍ የተፈጠረ ሰው ነበር። የከተማው ትልቅ ጋዜጣ የፊልም ገጽ የእሱ ነው። «ብዕሩ ምላጭ ነው» ይሉታል የሚወዱት። የማይወዱት ደግሞ ተቆርጠው ያውቃሉ።

የተገናኙት ባለፈው ክፍል ጊዜ ነው። ጀግናዋ የጓደኛዋን ሬሳ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ ከነጎድ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ዘወር ብላ የያዘችውን ፈንዲሻ አናቱ ላይ ደፋችው። በሩ ላይ ጠበቃት፤ ፈንዲሻ ከፀጉሩ እየለቀመ።

«የሳቅኩት በፊልሙ ነው፤ በእርስዎ አይደለም» አላት።

«አንድ ነው» አለችው።

ይቺ «አንድ ነው» ሰውየውን ሳታስተኛው አደረች መሰል፣ በሳምንቱ ላውንደሪውን አፈላልጎ ያልቆሸሸ ኮት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ልብሱን ሁሉ አሳጠበ። ከሥራ ስትወጣ እየጠበቀ ሰፈሯ ድረስ እየተከራከሩ ይሄዳሉ፤ ክርክሩ እንዳያልቅ ደግሞ መንገዱን ያስረዝማሉ። እሱ «ሰው የሚወደውን ነገር ጥሩ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት» ይላል። እሷ «እናትህን እንዲህ ብለህ ትጠይቃለህ?» ትለዋለች።

«ታዲያ የእኔ አስተያየት ላንቺ ምንሽ ነው?»

«የጎረቤት ሬዲዮ። እሰማዋለሁ እንጂ አላዳምጠውም።»

ይህን ስትል ሳቁ አንገቱ ሥር ያለውን ደም ሥር ያንቀሳቅሰዋል፤ ያንን ለማየት ስትል ደጋግማ ትለዋለች። ውሸቷን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉ በፊት የምታነበው የእሱን ገጽ ነው። አሁን አሁንማ ፊልም ስታይ ጆሮዋ ሥር ድምፁ ይመጣባታል፤ እዚህ ላይ ይስቃል፣ እዚህ ላይ ዝም ይላል እያለች። ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ለእሱማ ሞታ ነው።

የመጨረሻው ክፍል የወጣው ትናንት ነው። ሐያሲው ለጋዜጠኞች በተዘጋጀው ማሳያ ላይ ቀድሞ አይቶታል። «እንዴት ነው?» ብትለው «መጀመሪያ አንቺ እይው» ብሎ ከንፈሩን ገጠመ። አርብ ከሰዓት እጅጌያቸውን ከቋጠሩ ሰዎች መሃል ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው ጥሩ ነበር፤ ወይም እሷ ጥሩ ይሁን ብላ ለምና ነበር። መጨረሻው ላይ ሰማዩ ተሰነጠቀ፣ ብርሃን ወረደ፣ የጀግናዋ የተቆረጠ እጅ ከነጣቶቹ፣ ከነጥፍሮቹ፣ ለስልሶ ብቅ አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ነጎድም አጨበጨበች፤ ግን አንድ ሰው ከትከሻው ላይ አውርዶ መሬት ላይ የተዋት መሰላት። እንባዋ መጣ።

ሐያሲው በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ሳትደርስበት ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው፤ ሩቅ ከተማ የጭነት መኪና ይነዳል፤ አዲስ ክፍል ሲወጣ ሁለቱም በየከተማቸው አይተው መደዋወል የቆየ ውላቸው ነው።

«አየሽው? እጇን አየሽው?» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እንደ ልጅ አልቅሼ ሰው ሳቀብኝ።»

«አየሁት ወንድም ጋሼ» አለች። «ደስ ይላል።»

ሐያሲው ይህን ሰማ። ዓይኗንም አየ፤ እርጥብ ነው። ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እሷም የዘጋው አፍ ቅዳሜ በጋዜጣ እንደሚናገር እርግጠኛ ነበረች። እሱ ይለዋል፤ እኔ ማለት ያቃተኝን እሱ ቁጭ ያደርገዋል ብላ እጁን ይዛ ሄደች። ያን ቀን የያዘችውን ያህል አጥብቃ ይዛው አታውቅም ነበር። እሱ ደግሞ ደስታ መሰለው።

አሁን ጋዜጣውን ገለጠችው።

«የማይረሳ ፍጻሜ» ይላል ርእሱ። «ከዓመታት በኋላ አንድ ልብ የሚሞላ መጨረሻ። እጇ ሲመለስ ያላለቀሰ ሰው ልቡን ይመርመር።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። እትዬ ስታርች ከኋላዋ አንገታቸውን አስግገው «ይኸው፣ ያንቺው ምላጭ ዛሬ ቅቤ ሆኗል» አሉ። «ምነው፣ ደስ አላለሽም?»

«ደስ ይላል እትዬ» አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ሁለተኛ ጊዜ። ምናልባት እኔ ነኝ የታመምኩት አለች በልቧ። እሱ እንኳ ከወደደው፣ በዚህ ምድር ላይ ያ እጅ ያስከፋው ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ብቸኛ ሆና አታውቅም።

*

እሑድ ምሳ የሐያሲው እናት ቤት ነበር። የመጀመሪያ ጥሪዋ ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ቤታቸው እስካሁን ቢሮ ይመስላል፤ መጻሕፍቱ በቁመት ተሰልፈዋል፣ ወንበሮቹ ጀርባ ያስተካክላሉ። ነጎድ ሙሉ ቀን የተኮሰችውን ቀሚስ ለብሳ ግራ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሾርባዋን በቀኟ ጠጣች።

«ልብስ ትተኩሺያለሽ አለኝ ልጄ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«መልካም ነው። ሥራ ክቡር ነው» አሉ፤ ክቡር የሚለውን ቃል በማንኪያ ጫፍ እንደሚገፋ ነገር ወደ ሳህኑ ዳር እየገፉት። «የዚያ ፊልም ወዳጅም ነሽ አሉ። እኔ ሁለተኛው ላይ ነው የተውኩት። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆነብኝ።»

«እማዬ» አለ ሐያሲው።

«ምን አልኩ? ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንግዳ ስለሆንሽ ሳይሆን ቤተሰብ ልትሆኚ ከሆነ ብዬ ነው።» ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ይህ ልጅ ፊልሙን ያየ ዕለት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያቺ እጅ እንዴት እንደበቀለች ሲነግረኝ በሳቅ እንባው ፈሷል። እኔንም አሳቀኝ። ትናንት ጋዜጣውን ሳነብ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ውሸት ጽፎ አያውቅም ነበር። ከዚያ አንቺን አሰብኩና ገባኝ።»

ነጎድ ወደ ሐያሲው አየች። እሱ ወደ ጨው ዕቃው አየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ተነሳች። ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች። ያሳደጋት ሰው ባለጌ አድርጎ አላሳደጋትም።

ሐያሲው ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ቁሚ። ስሚኝ።»

«በሳቅ እንባህ ፈሷል?»

«እናቴ ነገር ታጋንናለች።»

«ፈሷል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አዎ» አለ። «ፊልሙ ቀሽም ነው። መጨረሻው ደግሞ ነውር ነው። ይህን ጽፌው ነበር። አርብ ከሲኒማ ስትወጪ አየሁሽ፤ ታለቅሻለሽ። ለወንድምሽ ደስ ይላል ስትዪ ሰማሁ። እጄን እንዴት እንደያዝሽ ታውቂያለሽ? ማታውኑ ቀደድኩት። ስሜን ሸጥኩ። ላንቺ ብዬ።»

«እኔ ሽጥልኝ አልኩህ?»

«ልብሽን ላለመስበር ነው።»

«ያለቀስኩት ከፍቶኝ ነው» አለች ነጎድ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ይልቁን ወረደ። «ያቺ እጅ… እጇን ለምን መለሱላት? ያ ሁሉ ዘመን… እሷ ያለ እጅ…» ቃሉ አንገቷ ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ ሞክራ ተወችው። «ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቅኩ አታውቅም። እሱ ይለዋል ብዬ። ያንተን ገጽ ሳይ እኔ ያበድኩ መሰለኝ።»

ሐያሲው የደረጃውን ብረት ያዘ። «የጎረቤት ሬዲዮ ነህ ትዪኝ አልነበር?»

«ዋሽቼህ ነው።»

እዚህ ላይ አንዱ ቢስቅ ኖሮ፣ አንዱ ብቻ፣ ሁለቱም ይድኑ ነበር። ነገር ግን እሱ ስሙን ሸጦ ምስጋና የጠበቀ ሰው ነው፤ እሷም ለምግብ ተጠርታ የተበላች ሰው ናት።

«ታዲያ የዋሸሁት እኔ ብቻ ነኝ?» አለ። «ወንድምሽን ደስ ይላል ያልሽው ምንድን ነው? አንቺ ስትዋሺ ፍቅር፣ እኔ ስዋሽ ንቀት?»

«ወንድሜ ወዶታል። ከእጁ አልቀማውም አልኩ። አንተ ግን እኔ ምን እንደተሰማኝ እንኳ አልጠየቅከኝም። ልብስ ተኳሽ ናት፣ ይህን ነው የምትወደው አልክ። ለሕፃን ከረሜላ እንደሚሰጥ ሰጠኸኝ።»

«ያን ያህል ክፉ ነኝ?»

«ክፉስ ብትሆን ጥሩ ነበር። ምላጭ ነው ይሉሃል እንጂ አንተ የምትቆርጠው የማትወደውን ብቻ ነው። ያንን ማንም ይችላል።»

ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። እሷም አየችው፤ የት እንደነካችውም ታውቃለች። እጇን ልትዘረጋ ነበር። ግራ እጇ ነበረች የቀረበችው፤ በዚያ ቅጽበት እናቱ በር ላይ ቆመው ስታይ መልሳ ኪሷ ከተተቻት።

«እውነቱን ነው የምትፈልጊው?» አላት።

«እሱን ብቻ።»

«እሺ» አለ ሐያሲው በቀስታ። «ታገኚዋለሽ።»

ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ የሚከተል ኮቴ ጠበቀች። አልመጣም። የገረማት አለመምጣቱ ሳይሆን፣ እስከ ታች ድረስ ጆሮዋን አቁማ መውረዷ ነበር።

*

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋዜጣውን የከፈቱት እትዬ ስታርች ናቸው። የሁሉም እጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ጮክ ብለው ማንበብ ልማዳቸው ነው። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሐያሲ፤ ጉድ ነው» ብለው ጀመሩ። ርእሱ «ስለ አንድ ውሸቴ» ይላል።

«ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ላይ አንድ መጥፎ ፊልም አመሰገንኩ። ያመሰገንኩት ለአንዲት ሴት ብዬ ነው። የምወዳት ሴት ልብስ ተኳሽ ናት። ግራ እጇ በልጅነቷ ተቃጥሏል፤ ከሰው ፊት ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። እንዲህ ያሉ ሰዎች ፊልም አያዩም፤ ይጠለሉበታል። ለተጠለለ ሰው ጣሪያህ ያፈሳል ማለት ጭካኔ መስሎኝ ዋሸሁ።»

እትዬ ስታርች ድምፃቸው ቀነሰ፤ ማቆሙን ግን አልቻሉበትም። የካውያዎቹ እንፋሎት ብቻ ይሰማ ነበር።

«እሷ ግን ጣሪያው እንደሚያፈስ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። ቃል አልነበራትም እንጂ። እኔ ልበልላት፤ ፊልሙ ለጀግናዋ እጇን ሲመልስ ያለ እጅ የኖረችበትን ዘመን ሁሉ ሰረቃት። እጅ የሌላት ሴት ሙሉ ሰው ናት ሲለን ኖሮ፣ በመጨረሻ ሰዓት ጎዶሎ ነበረች አለን።»

ነጎድ ካውያውን አቆመች።

ያ ነበር። ቃል በቃል ያ ነበር። ደረጃው ላይ አንገቷ ውስጥ የቆመው ነገር እንዲህ ተስተካክሎ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ ወጣ። መጀመሪያ የተሰማት፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስታ ነበር። አላበድኩም ማለት ነው አለች። ከዚያ ቀና ስትል ሁሉም ወደ ግራ እጇ እያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደንበኞች በዙ። ገና በሳምንቱ የሚደርስ ልብስ ያላቸው ሰዎች ደረሰ ወይ ብለው መጡ። አንዲት ሴትዮ ደረሰኟን ስትቀበል ሆን ብላ የነጎድን ቀኝ እጅ ትታ ግራውን ጠበቀች። እጅጌያቸውን የቋጠሩ ሁለት ልጃገረዶች መስኮቱ ላይ ቆመው «ፊልማችንን ያሰደበችው እሷ ናት» ሲባባሉ ሰማች። ሌሎቹ ደግሞ ጽሑፉን አወደሱት። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም አሉ። ምላጩ ተመለሰ አሉ።

ምሽት ላይ ወንድሟ ደወለ።

«አንድ ሰው አነበበልኝ» አለ። መኪናውን ያቆመ ይመስላል፤ የሞተር ድምፅ የለም። «ደስ ይላል ብለሽኝ ነበር።»

«ወንድም ጋሼ…»

«ሰውየው ፊልሙ መጥፎ ነው ቢል ጉዳዬ አይደለም። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ነገም እወደዋለሁ። ያንቺ እጅ ተመልሶ ያየሁ መስሎኝ ነው ያለቀስኩት። እንደ ጎዶሎ ቆጥሬሽ አይደለም። እኔ የምሰማው አንቺን ነበር። አንቺ ዋሽተሽኝ ጋዜጣ ነው የነገረኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷን ያን ጊዜ ያመማት የመዘጋቱ ነገር አይደለም፤ የዘጋበት ለዘብታ ነው።

*

ሐያሲው ሰኞ መጣ። ቀን ነው፤ ላውንደሪው ፀሐይ ገብቶበታል። ያልቆሸሸ ኮቱን ክንዱ ላይ አጥፏል። እትዬ ስታርች አዩትና ምንም ሳይሉ ሠራተኛውን ሁሉ ወደ ጓሮ ነዱ።

«አነበብሽው?» አላት።

«ተነበበልኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት። እውነት ብቻ አልሽ፤ ጻፍኩ። ስምሽን አልጠቀስኩም።»

«እጄን ጠቀስክ» አለች። «ከዚህ የበለጠ ስም የለኝም።»

ዓይኑን ሰበረ። ደክሟል፤ ሸሚዙ ተጨማድዷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አውልቀው ትለው ነበር።

«ስለ ፊልሙ ልክ ነህ» አለችው። «የተሰማኝን ነው ያልከው። ከራሴ በላይ አልከው። ላመሰግንህ ይገባል።»

«ስለ አንቺስ?»

«ስለ እኔም ጥሩ ጽፈሃል። በጣም ጥሩ።» ኮቱን ከክንዱ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው ኮሌታውን በመዳፏ አቃናች። «አየህ፣ ያቺን የጻፍካትን ልጅ ሳውቃት አዘንኩላት። ፊልም ሥር የተጠለለች፣ ቃል የሌላት፣ እጇን ኪሷ የከተተች። አዘንኩላት እንጂ አልወደድኳትም። ካነበብኩት ወዲህ መስታወት ውስጥ የማያት እሷን ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ነበርኩ፤ ማን እንደነበርኩ ጠፋኝ።»

«እኔ እወዳታለሁ» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ያቺን ልጅ እወዳታለሁ።»

«እሷን ውሰዳት እንግዲህ። ያንተ ሥራ ናት።»

ኮቱን አጥፋ መለሰችለት። ተቀበላት፤ ሲቀበል ጣቶቹ የተጣበቁት ጣቶቿ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ፤ እሷም አልሸሸችም። ከዚያ እጇን ሳበች።

«ከእንግዲህ አትምጣ። ንጹሕ ልብስ አናጥብም።»

ሰውየው ብዙ ነገር ለማለት የሚችል ሰው ነበር። ቃል ሥራው ነው። ግን ቆሞ ዓይኑ ሞልቶ አያት። ነጎድም አየችው። ፊቱን ከግንባሩ እስከ አገጩ እንደ ቅዳሜ ገጹ በጥንቃቄ አነበበችው። የምትፈልገው ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ጸጸትም አይደለም። የመሰናበቻ ቃሏን ሐያሲው ጥሩ ነው ይለው እንደሆነ ከፊቱ ላይ እየፈለገች ነበር።